ብርሃኑ በዝቶ ነው

ደባርቅ ላይ በጥቅምትና በኅዳር ጠዋት የሰው ትንፋሽ በዓይን ይታያል። ለመንገደኛ ይህ ጣጣ አይደለም፤ አፉን በጋቢው ሸፈን አድርጎ መንገዱን ይቀጥላል። ማይክሮስኮፕ ላይ ላጎነበሰ ሰው ግን መከራ ነው። ዓይኑን ባስጠጋ ቁጥር ከአፍንጫው የሚወጣው ትንፋሽ መመልከቻውን ጉም ያለብሰዋል። ይወለውለዋል፤ ይጠጋል፤ ደግሞ ጉም። ከባሕር ወለል በላይ 2,800 ሜትር ገደማ ላይ ባዮሎጂ የሚያስተምር ሰው ከሁሉ አስቀድሞ መልመድ ያለበት ወደ ጎን መተንፈስን ነው። ይህን የሚል የመምህር መምሪያ እስካሁን አላጋጠመኝም።

ወደዚያ ስመደብ ትምህርት ቤቱ ማይክሮስኮፕ እንዳለው በኩራት ነግረውኝ ነበር። እውነታቸውን ነው፣ አለው። ያለው ግን ንብረት ክፍል ቁም ሣጥን ውስጥ፣ ከተሰበረ ሉልና ከመረብ ኳስ መረብ ኋላ፣ በላስቲክ ተጠቅልሎ ነው። የንብረት ክፍሉ ጋሼ ደግሞ ዕቃ የሚበላሸው ሲሠራበት ነው የሚል ጽኑ እምነት አላቸው። ተከራክሮ መርታት አይቻልም፤ ቁልፉን ከያዙ ወዲህ አንድም ዕቃ ተበላሽቶባቸው አያውቅም። ማን ነክቶት!

«ለምን ፈለግኸው?» አሉኝ መነጽራቸውን ግንባራቸው ላይ ሰቅለው።

«የሽንኩርት ሴል ለተማሪዎቹ ላሳያቸው ብዬ ነው፣ ጋሼ።»

«ሽንኩርት? ደባርቅ ተወልዶ ሽንኩርት ያላየ ልጅ አለ?»

የንብረት ማውጫ ቅጹ፣ ሞዴል 22፣ ተሞላ። በካርቦን ተባዛ። «ከነሙሉ ዕቃው» የሚለው ላይ ሲደርሱ ሙሉ ዕቃው ምን ምን እንደሆነ የሚዘረዝር ወረቀት ስላልነበረ ብዕራቸው ቆም አለች። ከዚያ ተያየንና ተፈራረምን።

መሣሪያው የኤሌክትሪክ መብራት የለውም። ከሥሩ የሚገለባበጥ ትንሽ መስተዋት አለው፤ አንዱ ገጽ ጠፍጣፋ፣ ሌላው ጎድጎድ ያለ። ይህን አይነቱን መናቅ አይገባም። መብራት ሲያሻው በሚመጣና ሲያሻው በሚሄድበት አገር ከሶኬት ይልቅ ሰማይ ይታመናል። ደባርቅ ላይ ሰማዩም አልፎ አልፎ ይጠፋል እንጂ።

ማይክሮስኮፕ ጠረጴዛ ላይ ሲቀመጥ የልጆች የመጀመሪያ ጥያቄ ምንጊዜም አንድ ነው። «ቲቸር፣ ስንት ያጎላል?» የዓይኑ ሌንስ አሥር ነው። የታችኞቹ አራት፣ አሥር፣ ዐርባና መቶ ናቸው። ሲባዙ ከ40 ተነስተው 1,000 ይደርሳሉ። ሺህ የሚለውን ከሰሙ በኋላ በዐርባ ማየት የሚፈልግ ልጅ የለም። እጁ ሁሉ ረጅሙ ሌንስ ላይ ነው። ጉዳዩ ግን የተገላቢጦሽ ነው። በአነስተኛው ሌንስ ሲታይ አራት ሚሊሜትር ተኩል የሚሆን ስፍራ በአንድ ጊዜ ዓይን ውስጥ ይገባል፤ በመቶው ሲሆን የአንድ ሚሊሜትር አምስተኛ እንኳ አይሞላም። በመቶው ሌንስ ፍለጋ መጀመር የጠፋችን በግ ከሊማሊሞ አፋፍ ላይ ሆኖ በቁልፍ ቀዳዳ እንደመፈለግ ነው። በአራቱ ተገኝቶ፣ ወደ መሐል ተስቦ፣ በአሥሩ ጠርቶ ነው ወደ ዐርባው የሚኬደው።

ይህን አስረድቼ ዞር ከማለቴ «ቀጭ» የሚል ድምፅ ሰማሁ። የመሣሪያ ድምፅ ለይቶ የሚያውቅ ሰው ይህቺን ቀጭታ ሲሰማ ሆዱ ይባባል። ከቨር ስሊፕ፣ ናሙናውን የምትሸፍነው ስስ መስተዋት ናት። አንዱ ልጅ ዓይኑን መመልከቻው ላይ ተክሎ ትልቁን ጎማ ወደ ታች ያሾረዋል። የዐርባው ሌንስ አፍና የመስተዋቱ ገጽ የሚራራቁት በግማሽ ሚሊሜትር ገደማ ነው፤ የመቶው ደግሞ ከዚያም በጣም ያንሳል። ሌንስና ስላይድ ሲቀራረቡ በመመልከቻው ሳይሆን ራስን ዝቅ አድርጎ ከጎን ነው የሚታየው። ልክ ሊነካ ሲል ይቆማል። ከዚያ በኋላ ዓይን መመልከቻው ላይ ይሆንና ጎማው የሚዞረው በማራቅ አቅጣጫ ብቻ ነው። አርቆ የሳተ ሰው ጊዜ ይከስራል፤ አቅርቦ የሳተ ሌንስ ይከስራል፤ ሌንሱ ደግሞ በሞዴል የወጣ ነው።

ያም ሆኖ ማየት ተጀመረ። ልጆቹ ያዩትንም ሳሉ። ከፊት ወንበር ያለችው ጎበዝ ተማሪ ሙሉ ክብ፣ ዳር ዳሩ ደማቅ ጥቁር፣ መሐሉ ንጹሕ ነጭ ሥዕል አመጣችልኝ። የአየር አረፋ ናት። ማይክሮስኮፕ ሥር እንደ አረፋ የሚያምር ነገር የለም፤ እውነተኛ ሴል መቼም ያን ያህል ተስተካክሎ አያውቅም። ሌላው ልጅ የሚወዛወዝ ጥቁር ጫካ አየሁ ብሎ ማለ። አልዋሸም፣ የገዛ ሽፋሽፍቱን ነው ያየው። ሮበርት ሁክ በፈረንጆቹ 1665 ቡሽ ቆርጦ አይቶ ቀዳዳዎቹን ሴል ብሎ ሲሰይም ስንት ጊዜ ሽፋሽፍቱን እንዳየ መጽሐፉ ላይ አልጻፈውም።

ሽንኩርቱን ያየ ግን አልተገኘም። ልጣጩ በዓይን ሲያዩት እዚያው ስላይዱ ላይ ተኝቷል፤ በሌንስ ሲያዩት ባዶ ነጭ ሜዳ ነው። «ብርሃን አንሶት ነው» አሉ ልጆቹ፤ እኔ መምህራን ክፍል ደርሼ ስመለስ አራት ሆነው ተሸክመው ግቢው መሐል አውጥተው መስተዋቱን ወደ ፀሐይ ሲያቀኑ ደረስኩ። እንዴት እንደጮህኩ አላውቅም፤ ዘበኛው ሌባ የተያዘ መስሏቸው ዱላቸውን ይዘው መጡ። መስተዋት ወደ ደማቅ ሰማይ፣ ወደ ነጭ ግድግዳ ወይም ወደ ነጭ ደመና ይዞራል እንጂ ወደ ፀሐይ አይዞርም። ፀሐይን በሌንስ ሰብስቦ ዓይን ውስጥ መጨመር ዓይን ማቃጠል ነው።

የመቶው ሌንስ ነገር ደግሞ ለብቻው ታሪክ ነበረው። አንገቱ ላይ «ኦይል» ተብሎ ተቀርጾበታል። ያ ዘይት ከሣጥኑ ውስጥ የለም። አንድ ባልደረባዬ «ምን ችግር አለ፣ ከሻይ ክበቡ የኑግ ዘይት እናስመጣ» አለ፤ ሁሉም ሰው ግሩም ሐሳብ ነው ብሎ ራሱን ሲነቀንቅ ይህ ሐሳብ እዚህ ግቢ ውስጥ የመጀመሪያው እንዳልሆነ ጠረጠርኩ። የዐርባው ሌንስ ደመና የጋረደው ይመስል ነገር ሁሉ ድብዝዝ ብሎ ነው የሚታይበት። ሣጥኑ ውስጥ የተገኘችው አሮጌ የደም ስላይድም በአሥሩ ሌንስ ደኅና ትታያለች፤ በዐርባው ትጠፋለች። በአራቱ ሲያዩት ደኅና፣ በአሥሩ ደኅና፣ በዐርባው ሞት። «ተበላሽቷል» ተባለ። ንብረት ክፍል ይህን ቢሰማ በሕይወት ዘመኔ ሌላ ሞዴል 22 እንደማልሞላ ስለገባኝ ዳባት አንድ ጤና ጣቢያ ውስጥ ወደሚሠሩ የላብራቶሪ ባለሙያ ልወስደው ቆረጥኩ።

ማይክሮስኮፕ ሲሸከሙት አንድ እጅ ክንዱን ይይዛል፣ ሌላው ከመቀመጫው ሥር ይገባል። በሚኒባስ ሲሆን ደግሞ ይታቀፋል። ከአከራዬ ከእማማ ጋቢ ተውሼ ጠቀለልኩትና ተሳፈርኩ። ረዳቱ ከላይ ይጫን አለኝ። አይጫንም አልኩ። «እንግዲያው የአንድ ሰው ይከፍላል» አለ። ከፈልኩ፤ ሆኖም ወንበር አልተሰጠውም፣ ሒሳቡን ከፍሎ እኔው ላይ ነው የተቀመጠው። የጋቢው ጫፍ ግራና ቀኝ ተርፎ ስለነበር በቀኝ ያሉት እናት ብርዱን ሲፈሩ ጉልበታቸው ላይ አለበሱት፤ በግራ ያለው ገበሬም እንደዚያው።

«ልጄ፣ እንዲህ የታቀፍከው የስፌት መኪና ነው?» አሉ እናት።

«የለም፣ እማማ። በዓይን የማይታይ ነገር የሚያሳይ ነው። በሽታ የሚያመጣውን።»

አሰብ አደረጉና «ታዲያ እግዜር የሸሸገውን ምን ብለህ ትገልጣለህ?» አሉኝ። ሚኒባሱ በሙሉ መልሴን ይጠብቅ ነበር። እስካሁንም ይጠብቃል።

በዚህ መንገድ የብርጭቆና የናስ ዕቃ ታቅፎ ሲሄድ የመጀመሪያው እኔ አይደለሁም። ስኮትላንዳዊው ጄምስ ብሩስ በፈረንጆቹ 1770 ሊማሊሞን ወጥቶ፣ በዚሁ ደጋ አልፎ ጎንደር ሲገባ መነጽሮቹንና ኳድራንት የሚባለውን የኮከብ መለኪያ ይዞ ነበር። ያ መለኪያ ክብደቱ የተለየ ስለነበር ገና ከባሕሩ ዳር ሲነሱ የታራንታን ተራራ ተሸካሚ አልወጣም ብሎ፣ ራሱ ብሩስና ያሲን የሚባል አብሮት የሚጓዝ ሰው ተሸክመው ነው ያወጡት። ቢያንስ የሱ ዕቃ የሰው ሒሳብ አልተጠየቀበትም። ብሩስ ስለ ኮሶ ዛፋችንም በመጽሐፉ በሥዕል አስደግፎ ጽፏል፤ ስሙንም በእንግሊዛዊው የዕፅዋት ሰው በጆሴፍ ባንክስ ሰይሞለት ነበር። ስያሜው አልጸናለትም፤ ኮሶው ግን እስከ ዛሬ የስሜን ተዳፋት ላይ አለ፣ ትሉም ጥሬ ሥጋ የሚወድ ሰው ሆድ ውስጥ አለ።

መንገድ ላይ ካለው ኬላ ስንደርስ ወረድን። ጠባቂው ጋቢውን በዱላው ጫፍ ነካ አደረገና «ፍታው» አለኝ። ፈታሁት። የናስና የጥቁር ብረት ነገር፣ ጎማ ጎማ ያለው፣ ወደ ላይ የቀና ቱቦ። ፊቱ ሲለዋወጥ አየሁና ቶሎ ብዬ ሞዴል 22 አወጣሁለት። ጮክ ብሎ አነበበው፤ «አንድ ማይክሮስኮፕ ከነሙሉ ዕቃው።»

«ሙሉ ዕቃው የት አለ?»

«ይኸው ነው።»

«እስቲ ምን ያሳያል?»

ዓይኑን አስጠጋ። «ጨለማ ነው» አለ። መስተዋቱን ወደ ሰሜን ሰማይ አዞርኩለት። ድንገት ቀና አለና ጓደኛውን ተጣራ። «ና ወዲህ፣ ጨረቃ ያሳያል!» ክቡን ነጭ ብርሃን ነው ያየው። ጓደኛው መጣ፣ ከዚያ ሌላው መጣ፣ ከዚያ ረዳቱም የከፈልኩት ሒሳብ ይመለስልኝ ሳልል በነፃ አየ። በቀን ጨረቃ አይተን ጉዞ ቀጠልን።

ዳባት ለማያውቃት ሰው በመንገድ ዳር ያለች ከተማ ናት። በሕክምና ምርምር ዓለም ግን ስሟ ከብዙ ታላላቅ ከተሞች በልጦ ይጠራል። የጎንደር ዩኒቨርሲቲ ከፈረንጆቹ 1996 ጀምሮ በተመረጡ ቀበሌዎቿ ማን ተወለደ፣ ማን ሞተ፣ ማን ገባ፣ ማን ለቆ ሄደ እያለ ቤት ለቤት ይመዘግባል። በነዚያ ቀበሌዎች ሳይመዘገቡ መሞት ከባድ ነው።

የላብራቶሪ ባለሙያው ጋሼ ጎንደር የተማሩ፣ ጠና ያሉ ሰው ናቸው። ጎንደር መማራቸውን ደጋግመው ያነሳሉ፤ ይገባቸዋል። በፈረንጆቹ 1953 ደምቢያን የወባ ወረርሽኝ ሲፈጃት የሕክምና ሰው ዕጥረቱ እንዲህ ራቁቱን ቢታይ፣ በዓመቱ ጎንደር ላይ የሕዝብ ጤና ኮሌጅ ተከፍቶ ጤና መኮንኖችን፣ ነርሶችንና ሳኒተሪያኖችን ማሠልጠን ጀመረ። ትምህርቱ ስለዚህ ከመጀመሪያውኑ ከወባ ጋር የተጋባ ነው። በ1958 ደግሞ የባሰ መጣ፤ በመላ አገሪቱ 3 ሚሊዮን ሰው ያህል ታሞ 150,000 ያህል እንደሞተ ተገምቷል።

መሣሪያውን ሳስቀምጥላቸው በመመልከቻው ያያሉ ብዬ ነበር። አላዩም። መጀመሪያ የዓይኑን ሌንስ ነቅለው አወጡ። ገለበጡት። ከዚያ የዐርባውን ሌንስ ፈትተው አፉን ወደ ላይ አድርገው በተገለበጠው የዓይን ሌንስ፣ እንደ ማጉያ መስተዋት እያደረጉ አዩት። ይህን ዘዴ ያን ቀን ባላይ ኖሮ እስከ ጡረታ የማላውቀው ነበር። «ና እይ» አሉኝ። የሌንሱ አፍ የምስር ፍሬ እንኳ አይሞላም፤ በላዩ ላይ ቡናማ፣ የተሰነጣጠቀ ቅርፊት ተጋግሮበታል።

«የኑግ ዘይት» አሉ።

«በምን አወቁ?»

«ኑግ ሲደርቅ ቫርኒሽ ይሆናል። ቀለም ቀቢ ጠይቅ። ሁሉም ዘይት እንዲህ አይጋገርም።» ለስላሳውን የሌንስ ወረቀት ጠቅልለው ጫፉን በዛይሊን ጠብታ ነክረው ከመሐል ወደ ዳር እያዞሩ፣ ሳይጫኑ፣ ወረቀቱን እየቀያየሩ ወለወሉት። አልኮል ላዩ ላይ ማፍሰስ ሌንሱን የያዘውን ሙጫ ይፈታል አሉ። ጋቢውንም አይተው «በዚህ ወልውለኸው አታውቅም?» ብለው ጠየቁኝ። ጥጥ አቧራ ይይዛል፣ አቧራ ደግሞ መስተዋት ይጭራል። ትንፋሼን ብቻ እንደተጠቀምኩ ነገርኳቸው።

ቆሻሻ የት እንዳለ መለየት ራሱን የቻለ ሙያ ነው። ስላይዱ ሲንቀሳቀስ አብሮ ከሄደ ስላይዱ ላይ ነው። የዓይኑ ሌንስ ሲዞር አብሮ ከዞረ እዚያ ነው። ሁለቱንም እንቢ ካለ ከታችኛው ሌንስ ወይም ብርሃኑን ከስላይዱ ሥር ከሚሰበስበው ከኮንደንሰሩ ነው። ይህን ያህል ቀላል ነገር ሳያውቁ ሰዎች ስንት መሣሪያ «ተበላሽቷል» ብለው ቁም ሣጥን ውስጥ እንደቀበሩ የንብረት ክፍሎች ይቁጠሩት።

ቀጥሎ የደም ስላይዷን ሰጠኋቸው። ወደ መስኮቱ አዘንብለው ብርሃን አስነኳት። «ይህን ወረቀት ማን ለጠፈው?» ስላይዷ ላይ «ደም» የሚል ትንሽ ወረቀት ተለጥፏል፤ ማንም ሰው ወረቀቱን ወደ ላይ አድርጎ ነው የሚያስቀምጣት። የለጠፈው ሰው የለጠፈው በተቃራኒው ገጽ ላይ ነበር። ደሙ ያለበት ገጽ ሲያዘነብሉት ፈዘዝ ይላል፣ ባዶው ያብረቀርቃል። ስላይድ አንድ ሚሊሜትር ገደማ ውፍረት አለው። የአሥሩ ሌንስ ርቀቱ ስለሚበቃው በመስተዋቱ አሳልፎ ያያል፤ ዐርባውና መቶው ግን ደሙ ጋ ሳይደርሱ አፋቸው መስተዋቱን ይመታል። ገለበጧት። ደሙ እዚያው ነበረ። ስንት ዓመት ተደፍቶ እንደኖረ እግዜር ይወቅ።

ስለ ሽንኩርቱ ስነግራቸው ግን ሳቁ። ከሻይ ሻጯ ግማሽ ሽንኩርት አስመጥተው ውስጠኛውን ልጣጭ በጥፍራቸው ነጠል አደረጉ፤ ጠብታ ውሃ ላይ አሳርፈው ከቨር ስሊፑን በአንድ ጎኑ አስነክተው ቀስ ብለው አስተኙት፣ አረፋ እንዳይገባ። አየሁ። ያው ነጭ ሜዳ።

«አሁን እጅህን ከኮንደንሰሩ ሥር አስገባ። ምላሷን አገኘሃት? ወደ ግራ።»

የብርሃኑ መግቢያ፣ ዳያፍራሙ፣ ሲጠብ ሜዳው ጠየም እያለ መጣ፤ ከዚያም ጎን ለጎን የተደረደሩ ረዣዥም ጡቦች ብቅ አሉ። ግድግዳቸው፣ በየመሐላቸው አንዳንድ ፈዛዛ ኳስ።

«የሚታየው ጠፍቶ አይደለም» አሉ። «ብርሃኑ በዝቶ ነው። ቀለም የሌለው ነገር ብርሃን ሲበዛበት ብርሃኑን ይመስላል።»

እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ፤ ሰው ሁሉ የሚስተው እዚህ ነው። ማይክሮስኮፕ ማጉያ ነው ብለን ስለምንነሳ ጎማና ቁጥር ላይ እንረባረባለን። ኤርነስት አቤ የሚባል ጀርመናዊ የፊዚክስ ሰው ግን በ1873 ሌንስ ምን ያህል ቢያጎላ ከአንድ ማይክሮሜትር አምስተኛ ገደማ በላይ የተቀራረቡ ሁለት ነጥቦችን በተራ ብርሃን መለየት እንደማይቻል አሳየ። ከዚያ ወዲያ ማጉላት ድብዝዙን ማግዘፍ ብቻ ነው። ሌላው ጀርመናዊ አውጉስት ኮለር በ1893 ያሳተመው ዘዴ ስለ ሌንስ ሳይሆን ስለ መብራቱ ነው፤ ዛሬም በዓለም ላይ ያለ ጥሩ ላብራቶሪ ሁሉ በሱ ይሠራል። ሁለቱም ሰዎች የተጨነቁት ከሥር በሚመጣው ብርሃን ነው። እኛ ደግሞ ከሥር ያሉትን ጎማዎች ማን እንዳስቀመጣቸው ሳንጠይቅ ዓመት እናልፋለን።

የኛው መሣሪያ መስተዋት ብቻ ስላለው ጋሼ መላውን በመስኮት አሳዩኝ። ኮንደንሰር ካለ ጠፍጣፋው የመስተዋት ገጽ ነው የሚያገለግለው፤ ጎድጓዳው ኮንደንሰር ለሌላቸው ነው። በአሥሩ ሌንስ ስላይዱን አጠሩ። ቀጥለው ኮንደንሰሩን ቀስ እያሉ ከፍ አደረጉ። ድንገት ሽንኩርቱ መሐል የባሕር ዛፍ ቅርንጫፍ በቀለ። ውጭ የቆመው ባሕር ዛፍ ነው፤ ቅጠሉ ሲወዛወዝ ሳይቀር በየሴሉ ግድግዳ ላይ ይታያል። «ዛፉ ከታየህ ብርሃኑ ልክ ስላይድህ ላይ አርፏል ማለት ነው። አሁን ዛፉ እንዲጠፋ ጥቂት ዝቅ አድርገው።» ከዚያ የዓይኑን ሌንስ እንደገና አወጡና ቱቦውን ቁልቁል እንዳይ አደረጉ። ከሥር ክብ ብርሃን አለ። ዳያፍራሙ ከክቡ ሦስት አራተኛ ያህሉን እስኪተው ይጠባል፤ ሌንስ በተቀየረ ቁጥር ይህ እንደገና ይታያል። ከዚያ በላይ ቢጠብ ግን ነገሩ ሁሉ ጥቁር ጠርዝ አውጥቶ የሌለ ነገር ያሳያል። ለጥሬ ነገር ጠበብ፣ ቀለም ለጠጣ ነገር ሰፋ።

በዚህ መሐል በር ላይ አንድ ወጣት ገባ። ጋቢውን እስከ ጆሮው ተከናንቦ ይንቀጠቀጣል። ለሰሊጥ አጨዳ መተማ ወርዶ መመለሱ ነው። ደባርቅና ዳባት ደጋ ናቸው፣ ወባ አይይዝም ይባላል፤ ትንኟስ እዚህ ብርድ ላይ ምን ትሠራለች። ሰዉ ግን ይወርዳል። በየዓመቱ ከዚህ ደጋ ስንቱ ጎልማሳ ወደ መተማና ወደ ሁመራ ለአረምና ለአጨዳ ወርዶ ከደመወዙ ጋር ወባ፣ አንዳንዱም ካላዛር ይዞ ይመለሳል። «ደጋ ነን የሚል ሐኪም መንገድ መኖሩን ረስቷል» አሉ ጋሼ ጣቱን እየወጉ።

አንድ ስላይድ ላይ ሁለት ነገር አኖሩ፤ አንዱ ወፍራም ጠብታ፣ ሌላው በሌላ ስላይድ ጠርዝ ተስቦ የሳሳ። ቀጭኑ በሜታኖል ይጸናል፤ ወፍራሙ አይነካም፣ ቀይ ሴሎቹ በቀለሙ ውሃ ውስጥ እንዲፈርሱ ነው የሚፈለገው። ከደረቀ በኋላ ጊምሳ፤ በመቶ አሥር ተበጥብጦ ለ10 ደቂቃ። ይህን ቀለም ጉስታቭ ጊምሳ የሚባል የሐምቡርግ ኬሚስት በ1904 ካሻሻለው ወዲህ በወባ ጉዳይ የሚወዳደረው አልመጣም። ጋሼ ሰዓታቸውን አይተው ሻይ አዘዙ። ወጣቱ አልጠጣም።

ከዚያ ዘይት። የራሳቸው፣ ከትንሽ ጠርሙስ፣ አንድ ጠብታ። እውነተኛው ዘይት ብርሃንን የሚሰብረው ልክ እንደ መስተዋት ስለሆነ ብርሃኑ ከስላይድ ወደ ሌንስ ሲያልፍ አየር መሐል ገብቶ አያጣምመውም። የኑግ ዘይት ይህን በከፊል ያደርግ ይሆናል፣ በኋላ የሚያመጣውን ግን አይተነዋል። በራሳቸው መሣሪያ፣ በኤሌክትሪክ መብራቱ፣ ኮንደንሰሩን እስከ ላይ፣ ዳያፍራሙን ከፈት። መቶውን ሌንስ ከጎን እያዩ ዘይቱ ውስጥ አስነከሩት። ጎማ የተባለው ሁሉ ቀርቶ ትንሹን ብቻ፣ በጣት ጫፍ።

«እየው» አሉኝ። ሐምራዊ የነጭ ሴል አስኳሎች፣ በመሐላቸው ስስ ሰማያዊ ቀለበት፣ ቀለበቱ ላይ ቀይ ነጥብ። ስላይዱን ወደ ቀኝ ሲገፉት ምስሉ ወደ ግራ ይሄዳል፤ ይህን እጅ ካልለመደው ያሰክራል። በቀጭኑ በኩል አለፍ ሲሉ ጎበጥ ያለች፣ ሁለት ጫፏ የሾለ ነገር መጣች። ፋልሲፓረም የሚባለው የወባ ጥገኛ ይህቺን ቅርጽ ነው የሚያወጣው። ጨረቃ! የኬላው ሰውዬ ቀኑ አልደረሰም እንጂ ከኔ ቀድሞ ብሏት ነበር። ፈረንሳዊው ሐኪም ላቨራን በ1880 አልጄሪያ ኮንስታንቲን ከተማ ውስጥ የመጀመሪያዎቹን የወባ ጥገኞች ሲያይ ያየው ይህቺኑ ነው፤ ያውም ቀለም ሳይነካት፣ በጥሬ ደም። ዳያፍራሙን ምን ያህል ቢያጠበው ነው አልኩ በሆዴ።

ያልተገኘ ጊዜስ ምን ይደረጋል ስላቸው፣ ጋሼ ኮስተር አሉ። «የለም ለማለት መቶ ቦታ ማየት አለብህ። አለ ለማለት አንድ ይበቃል።» ለወጣቱ ወረቀቱን ጻፉለት።

በማግስቱ ክፍል ስገባ ልጆቹን በአራቱ ሌንስ አስጀመርኳቸው። ዐርባው ጸድቷል፣ መስተዋቱ ወደ ነጩ ግድግዳ ዞሯል፣ ዳያፍራሙ ጠቧል። ሽንኩርቱ ታየ። ያቺ አረፋ የሳለችው ልጅ ለረጅም ጊዜ አየችና ሥዕሏን በላጲስ አጥፍታ ከመጀመሪያው ጀመረች፤ ውጤቷን ያን ዕለት ነው የሞላሁት። ሁሉም ሽንኩርት ካየ በኋላ ግን ሽንኩርት ሰለቻቸው። ከኋላ ወንበር አካባቢ ሹክሹክታ በዛ። ቀጥሎ በወረቀት የተጠቀለለ ነገር ከእጅ ወደ እጅ እየተላለፈ ጠረጴዛዬ ላይ ደረሰ።

ቅማል ናት። ከነነፍሷ።

የክፍሉ ተማሪ በሙሉ ተነስቶ ቆመ። እውነቱን ለመናገር ለአራቱ ሌንስ ከቅማል የተሻለ ነገር የለም፤ ሦስት ሚሊሜትር ገደማ ስለሆነች ሜዳውን ሞልታ ትቀመጣለች። ከጠብታ ውሃ ጋር ከቨር ስሊፕ ሥር አስተኛኋት። ስድስት እግሮቿ በየጫፋቸው እንደ ጉጠት የሚገጥም ጥፍር አላቸው፤ ክር የምትጨብጥበት ነው። ሆዷ ስስ ስለሆነ ውስጥ ያለው የጠቆረ ደም ወደፊትና ወደኋላ ሲል ይታያል። አንዲት ልጅ አይታ እጇን አፏ ላይ ጫነች። ቀጥሎ የሚያየው በግፊያ ነው የሚደርሰው። በዚህ አጋጣሚ በጥፍር መፍጨትን እንዲተዉ ነገርኳቸው፤ የሚያገረሸው ትኩሳት ጀርም የሚኖረው እሷ ውስጥ ነው፣ ስትፈርስ ወጥቶ በተጫረ ቆዳ ይገባል። ብዙ ቅማል አዳኝ አውራ ጣቱን ሲያይ አየሁ።

«ጎበዝ! በጣም ጥሩ ናሙና ነው» አልኩ። «የማን ነው?»

ጸጥ። ሁሉም ማየት ይፈልጋል፣ ባለቤት የለውም። የአንዱን ዓይን ሳይ ወደ መስኮቱ ይሸሻል፣ የሌላውን ሳይ ደብተሩን ይገልጣል። «አይዟችሁ፣ ማንም አይቆጣም፣ ሳይንስ ነው።»

በመጨረሻ የክፍል አለቃው እጁን አወጣ።

«ቲቸር፣ ከእርስዎ ጋቢ ላይ ነው ያነሳናት።»

ማይክሮስኮፑ ተጠቅልሎበት የነበረው ጋቢ ወንበሬ ላይ ተቀምጧል። ሚኒባሱ ውስጥ በቀኝ ያሉት እናት ጉልበት ላይ ነበር፣ በግራ ያለው ገበሬ ጉልበት ላይ ነበር፣ ኬላው ላይ መሬት ተነጥፎ ነበር። ይህን ሁሉ ለ60 ተማሪ ማስረዳት አይቻልም። ሳቁ እስከ ዳይሬክተሩ ቢሮ ተሰምቷል። ማታ ከእማማ ትልቁን ድስት ለምኜ ውሃ አፈላሁና ጋቢያቸውን ዘፈዘፍኩት። እንፋሎቱ ግቢውን ሲሞላው እማማ ከጓዳ ብቅ ብለው «ምን እያበሰልክ ነው ልጄ?» አሉኝ።

«ለትምህርት ነው፣ እማማ» አልኩና ክዳኑን ከደንኩት።